ሥሩ ነው ያበጠው

ባለቤቴ ሽፈራው ከሞተ ወዲህ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጥና በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ እውላለሁ። ስለዚህ ወሬዬ ቢዘገይባችሁ ታገሡኝ። የምነግራችሁ ስለ ሞቱ አይደለም። ከመሞቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአንድ ክረምት፣ ጀርባው ላይ ስለበቀለው ነገር ነው።

ያኔ መቱ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። የሁለታችንም ወላጆች ከሰሜን መጥተው ኢሉባቦር የቀሩ ናቸው። እኛ እዚሁ ተወልደን፣ ደጅ በኦሮምኛ ተጫውተን፣ ቤት በአማርኛ እየተቆጡን ነው ያደግነው። ሽፈራው በመናኸሪያው የስምሪት ሠራተኛ ነበር፤ መኪኖቹን በተራ አሰልፎ መንገደኛውን የሚጠራ። «ጎሬ! ቡሬ! የኖፓ ሰው አለ?» ሲል ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ዕቃውን ያነሣ ነበር። አንድ ጊዜ የድምፅ ማጉያ ቢያመጡለት ግማሽ ቀን ሞክሮት፣ «ይሄ ነገር ድምፄን ያሳንሰዋል» ብሎ መለሰላቸው። ሾፌሮቹ አባ ሰገሌ ይሉታል፤ የድምፅ አባት ማለት ነው።

ከዚያ ክረምት ጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ ደረቱ ተከፍቶ ነበር። ራሱን ሲያመው፣ የደም ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ ሲል ተመረመረና ከልቡ አጠገብ ከተፈጥሮው የጠበበ ቦታ አለ ተባለ። በግራ ጎኑ ገብተው አሰፉለት። እኛ «የልብ ኦፕራሲዮን» እንለው ነበር፤ ከዚያ አልፎ የጠየቀ አልነበረም። ከግራ ትከሻው አጥንት በታች እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠባሳ ቀረለት። ዳነ። ዳነ ስላችሁ፣ የሰው ሻንጣ ተሸክሞ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እስኪወጣ ድረስ።

ነገሩ የጀመረው በድምፁ ነው።

አንድ ጠዋት ካፊያ እየጣለ፣ እኔ ውስጥ የተማሪ ደብተር እያረምኩ በሩ ተንኳኳ።

«ክፈቺ» አለ አንድ ድምፅ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኛ! ባልሽ!»

መወርወሪያው ላይ የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። ድምፁ ጎርናና ነው እንዳልል ጎርናና አይደለም፤ እንደ ሹክሹክታ ነው እንዳልል ለመጮህ የሚታገል ሰው ድምፅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚጣራ ሰው ይመስላል። «ባለቤቴ ቤት የለም» አልኩት። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ሳይ የሽፈራውን ጫማ አየሁ። ጭቃ የያዘው የእሱ ጫማ ነው፤ በላዩ የቆመው ሰው ግን ማን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ብርድ ነው አልን። ዝንጅብል አፈላሁለት። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ግን ቀለዱበት። «አባ ሰገሌ፣ ሰገሌን ኬ ኤሳ ጂራ? ድምፅህን የት አደረስከው?» ሲሉት፣ «ለቡሬ ሰው በአደራ ሰጥቼዋለሁ፤ ተመላሽ መኪና ሲገኝ ይመጣል» ይላቸው ነበር። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተከተለ፤ ድምፁ አልመጣም። ሌላ ምንም አላመመውም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይቀልዳል። በሌላ ሰው ድምፅ ብቻ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በስንጥር ይፍቅ ነበር። ስስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሸሚዙ ከግራ ትከሻው በታች ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ከፍ አለ። ነፋስ አልነበረም።

እንሽላሊት መሰለኝ። ከጣሪያው ወርዶ አንገትጌው ውስጥ የገባ።

«እንዳትንቀሳቀስ፣ የሆነ ነገር ሸሚዝህ ውስጥ ገብቷል» አልኩና መትቼ ላወርደው እጄን አነሣሁ።

እጄ አየር ላይ ሳለ ለምን እንደቆመ ዛሬም አላውቅም። እንሽላሊት ይሮጣል። ያ ግን አይሮጥም። አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ልክ በልክ ይነሣል፣ ይወርዳል።

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ሽፈራው፣ አውልቀው ብዬሃለሁ።»

ጠባሳው ጫፍ ላይ የሎሚ ግማሽ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። መዳፌን አሳረፍኩበት፤ መዳፌን ገፋው። ሕፃን በእናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ እንደሚገፋ ዓይነት ነው፤ ሕፃን ግን ያርፋል፣ ይህ አያርፍም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሶርን ፏፏቴ ጫካ ውስጥ ሆኖ ገና ሳያየው የሰማ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከሩቅ፣ ከታች፣ የማይቋረጥ።

«ምን አለ?» አለኝ በዚያ በሌላ ሰው ድምፅ። እሱ ሊያየው አይችልም። ጀርባው ላይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ነገር የማየው እኔ፣ የሚሸከመው እሱ ሆንን።

«እብጠት ነው» አልኩት።

በማግስቱ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን። የነበረው ባለሙያ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ በዓይኑ ብቻ አየው። «እባጭ ነው። ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይፈነዳል» አለና ኪኒን ሰጠን።

«ይንቀሳቀሳል እኮ» አልኩት።

«እባጭ ሁሉ ይጠዘጥዛል፣ እትዬ።»

እኔ ልቤ አላረፈም። ያከመው ሐኪም ይየው ብዬ አዲስ አበባ ልወስደው ቆረጥኩ። በዚያው ቀን ግን ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ናዳ ወርዶበት ተዘጋ። የስልኩ ኔትወርክም ጠፋ። መናኸሪያው ውስጥ መኪኖቹ አፍንጫቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመው ቀሩ፤ የሚያሰማራቸውም ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንዳይሳል አፉን ይይዛል። በሳለ ቁጥር ያ ነገር ወደ ውጭ ይገፋ ነበርና።

ወደ ቡሬ ያለው መንገድ ክፍት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ታምሩ ቡሬ ላይ ቡና ይነግዳል፤ የሐኪሙ ስልክ ቁጥርም እሱ ጋ ነበር። በሾፌር መልእክት ላክሁበት፤ ኔትወርክ ካለ ለሐኪሙ ደውል፣ ሁሉንም ንገረው፣ የሚልህን ይዘህ ና ብዬ።

እስከዚያ የሽፈራው ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። እሳቸው የሚኖሩት ከእኛ ጥቂት ቤት አልፎ ነው። ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉ፣ ሰው የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ሴት ናቸው። እብጠቱን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄ ሥር ያለው ነው» አሉ። «ሥር ያለው እባጭ በኪኒን አይድንም። ሥሩ ካልተነቀለ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ዳሪሙ አገር ሥር የሚነቅል ሰው አለ።»

«እትዬ፣ ታምሩ እስኪመጣ እንጠብቅ።»

«እንጠብቅ። ሰውየውንም እስከዚያ ላስጠራ። ደግሞ ማሰሪያ ፈልጊ፤ ሰውዬው ሲነቅል ጭንቅ ነው።»

የእባጭ ሥር ምን እንደሆነ እዚህ አገር ያላደጋችሁ ብትኖሩ ልንገራችሁ። መግሉ ከፈሰሰ በኋላ መሐሉ ላይ የሚቀር ጠጣር ነገር ነው። እሱ ካልወጣ እባጩ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም ቤት ይህን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ከዳሪሙ የተጠራው ኦቦ ጉደታ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ትንሽ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ከሰል ተያይዞ ብረቱ ውስጡ ተቀምጧል፤ ጫፉ እንደ ወስፌ የቀጠነ ነው። እኛ የምንጠብቀው ታምሩን ነበር። ታምሩ ከነዝናቡ ገባ።

«አገኘሁት» አለ ኮቱን ሳያወልቅ። «መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፣ ግን ዋናውን ሰምቻለሁ።»

«ምን አለህ?» አልነው ሁላችንም።

«"ሥሩ ነው ያበጠው" አለኝ። "ትልቁ ሥር ነው፣ ከልቡ የሚነሣው" አለኝ። "ቶሎ" አለኝ። ከዚያ ተቋረጠ።»

እትዬ በላይነሽ ጭናቸውን መቱ። «ይኸው! ሥር አለው አላልኳችሁም? ልቡ ድረስ ወርዷል! ቶሎ ብሏል፣ የተማረው ሰው ራሱ ቶሎ ብሏል!»

ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሰማው። እኔም ያንኑ ሰማሁ። ከጀርባው ተነሥቶ በጎድን አጥንቶቹ መሐል እየተጠማዘዘ ልቡን የጨበጠ ሥር ታየኝ።  የሰማሁት ሁሉ ትርጉም አገኘ፤ ድምፁን የወሰደበትም እሱ ነው አልኩ፣ ጉሮሮው ድረስ ወጥቶ።

ሽፈራው ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ በግንባሩ ወደ መደገፊያው ዞሮ ተቀመጠ። እኔ ከፊቱ ተንበርክኬ ሁለት እጁን ያዝኩት።

«ጠንከር አድርገሽ ያዢኝ። ከሮጥኩ መቱ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም» አለኝ።

ኦቦ ጉደታ ከጀርባው ቆመ። «ሂዳ ቀባ?» ሲል ጠየቀ። ሥር አለው ወይ ማለቱ ነው።

«ቀባ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «አለው! ልቡ ድረስ አለው!»

ሽማግሌው ከጉያው እርጥብ ቅጠል አወጣና ቆዳውን ሊያለዝብ እብጠቱ ላይ ለጠፈው። እጁንም አነሣ።

ቅጠሉ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ በሽፈራው ትከሻ አሻግሬ ነበር የማየው። ማንም አልነካውም። ቅጠሉ አዎ እንደሚል ሰው ይነቀነቃል፤ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። በር ላይ ከቆሙት አንዷ በስመ አብ ብላ አማተበች። ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማል።

«ሉቡቱ ኬሳ ጂራ» አለ ኦቦ ጉደታ ቀስ ብሎ። ነፍስ አለበት።

«ታዲያ ይውጣ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ምንም ይሁን ምን ከወንድሜ ላይ ይውጣ! ምን ትጠብቃለህ?»

ሽማግሌው ጨርቅ ጠቅልሎ ብረቱን ከከሰሉ አነሣ። ጫፉ ቀልቷል። በዚያች ሰዓት የያዘኝ ፍርሃት ብረቱን ወይም ደሙን መፍራት አልነበረም። የታምሩ ወሬ ውስጥ የጎደለ ነገር እንዳለ ተሰማኝ። ልጆች ቃል በቃል ሲያነቡ አንድ ቃል ዘልለው ሲያልፉ፣ ደብተሩን ሳላይ እንኳ ጆሮዬ ያውቀዋል። እንደዚያ ነበር።

«ታምሩ» አልኩ። «ከመቋረጡ በፊት የመጨረሻው ቃል ምን ነበር?»

«"ቶሎ" ነዋ።»

«ከ"ቶሎ" በኋላ ምንም አላለም?»

«ምንም። "እንዴት" ሊል ጀምሮ ነው የተቋረጠው። እንዴት ነው፣ ደኅና ነው ወይ ሊለኝ።»

«"እንዴት" ነው ያለህ ወይስ "እንዳት"?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«አስበህ ንገረኝ! እንዴት ነው፣ እንዳት?»

ታምሩ ዓይኑን ጨፈነ። የሁላችንም ዓይን አፉ ላይ ነበር፤ ብረቱ ብቻ ከሽፈራው ጀርባ በላይ እየጨሰ ነበር።

«"እንዳት"» አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «"እንዳት..." ነው ያለኝ።»

እንዳትነኩት። እንዳትቆርጡት። ምን ይሁን ምን ጅማሬው አንድ ነው። ያን ጊዜ የጎደለው ሌላው ቃልም ወደ ቦታው ገባ። በየዓመቱ ለልጆች የማስተምረው ነበር፤ የዛፍ ሥር፣ የደም ሥር፣ አንድ ቃል ብዙ ፍቺ።

«የደም ሥር ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ያበጠው ከልቡ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ነው! እዚያ ውስጥ ያለው መግል አይደለም፣ ደሙ ነው!» ከዚያ ለሽማግሌው በራሱ ቋንቋ ደገምኩለት። «ሂዳ ዲጋ! ሂዳ ዲጋቲ!» በኦሮምኛም ሥሩና የደም ሥሩ አንድ ቃል ናቸው።

ኦቦ ጉደታ ብረቱን ወደ ኋላ ወስዶ ባልዲው ውስጥ ነከረው። ሹሽ ሲል ቤቱን እንፋሎት ሞላው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና እጆቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸው።

«ረቢቱ ና ኦልቼ» አለ። ያተረፈኝ ፈጣሪ ነው ማለቱ ነው። አተረፈን አላለም፤ አተረፈኝ ነው ያለው።

እትዬ በላይነሽ አላለቀሱም። ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው፣ ላባ እንደሚያነሣ ሰው፣ ከወንድማቸው ጀርባ አነሡት። ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከጀርባው አልተለዩም።

ሽፈራው ራሱን ከወንበሩ መደገፊያ ቀና አደረገ። «አለቀ?» አለኝ።

«አልተጀመረም።»

«ይሄን ያህል ጮኻችሁ ገና አልተጀመረም?»

በማግስቱ ጠዋት ከድር የሚባል ሾፌር በፒካፑ ናዳው ድረስ ወሰደን። ከመቱ ጀምሮ ጉም ነበር። ሽፈራው ከፊት ወንበር ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ ክንዱን ደገፍ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ማስደገፍ አይችልም። እኛ ከኋላው። ጉሙ መስኮቱን ስለሸፈነው የሚታየን ነገር አልነበረም፤ ያ ሸሚዝ ብቻ። የሚተነፍሰው እሱ ሳይሆን እሱን ለብሶ የተቀመጠ ሌላ ነገር ይመስል ነበር። ከድር ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አይቶ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

ናዳው ጋ መኪና አይሻገርም። ሰው ግን ጭቃው ላይ በተጋደመ እንጨት በእግሩ ይሻገራል፤ ከማዶ ደግሞ ሌላ መኪና ይጠብቃል። እትዬ በላይነሽ የሰው ክርን እንዳይነካው ጃንጥላቸውን ዘግተው በአግድም ይዘው ከኋላው ይሄዳሉ። ጉሙ ውስጥ ከማዶ የሚመጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፣ መልካቸው አይታይም።

«አባ ሰገሌ!»

አንድ ትልቅ ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። መናኸሪያ የሚሠራ ጫኝ ነው፤ ሽፈራውን በጣም ይወደዋል። ትከሻ ለትከሻ ገጨው። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሁላችንም ልማድ፣ ጀርባውን መታ መታ ሊያደርገው ያንን ትልቅ መዳፉን በግራ ትከሻው አዙሮ አነሣ።

አንጓውን አየር ላይ ያዝኩት። በሁለት እጄ። ጥፍሬ ቆዳው ውስጥ ገባ።

«ምነው እትዬ? ምን አደረግሁ?»

 ሽፈራው ነው የመለሰለት። «ተወው፣ ቀናች» አለው። ሰውየው ስቆ አለፈ። 

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ሌላ ነገር አልነበረም። «ማንም አልነካውም?»

«አልነካውም» አልኩ።

«ብረቱ ግሎ ነበር» አሉ እትዬ በላይነሽ፤ ውሸት አይሆንላቸውም።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የደረቱ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ከሁላችንም ጋር ተቀምጦ አስረዳን። በፊት የተሰፋው ቦታ ለቅቋል። ደሙ ከሥሩ ወጥቶ በጎኑ ከረጢት ሠርቷል። ከረጢቱ የጎድን አጥንቶቹን እየገፋ ቆዳው ድረስ መጥቷል፤ መሐል ላይ ወደ ድምፁ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖታል።

«እንደገና ደረቱን ብንከፍት ከረጢቱ ላይ ነው የምንወድቀው» አለ። «ስለዚህ በብሽሽቱ በኩል በቀጭን ሽቦ እንገባለን። የታጠፈ ነገር ይዘን ወደ ላይ እንወጣለን፣ ቀዳዳው ጋ ስንደርስ እንዘረጋዋለን። ደሙ በዚያ ውስጥ ያልፋል፣ ከረጢቱ ደም ያጣል።»

አንድ ናሙና አሳየን። የጣት ውፍረት ካለው ቱቦ ውስጥ ሲያወጣው ራሱን በራሱ ዘረጋ፤ ከቀጭን ሽቦና ከጨርቅ የተሠራ እጅጌ ይመስላል። ስቴንት ይሉታል። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ይሄ ሰው ውስጥ ይቀራል?»

«ይቀራል፣ እናቴ። ለዘላለም።»

«እግሩስ?» አልኩ፤ ፈርምልን ሲሉት በሹክሹክታ የተነጋገሩትን ሰምቼ ነበር።

ሐኪሙ አልሸሸገኝም። «ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄደውን ደም ሊዘጋ ይችላል። ያ ከሆነ እግሩ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ሳናደርገው ብንቀር ግን መቼ እንደሚፈነዳ አላውቅም። ዛሬም ሊሆን ይችላል።»

ሽፈራው ሲያስገቡት ጀርባውን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ይነሣል፣ ይወርዳል። ልናገር የማፍርበትን ልንገራችሁ፤ ለመንኩት። ያን ነገር ለመንኩት። ትንሽ ብቻ ቆይ፣ አልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን። ታምሩ ይመላለሳል። እትዬ በላይነሽ የማርያምን ስም ይጠራሉ። እኔ የሸሚዙን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች እቆልፍና መልሼ እፈታ ነበር።

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ ሽፈራው ዓይኑን ጨፍኗል። አንገቱን ሳላይ፣ ፊቱን ሳላይ፣ እጄን በፍራሹና በጀርባው መሐል አሾልኬ ያን ቦታ ፈለግሁ። አገኘሁት። እብጠቱ አለ፤ እዚያው ነው። ግን አይንቀሳቀስም። መዳፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል።

ጮኽሁ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። «ሞቷል! አይመታም፣ አቁሟል!» እላለሁ።

«እትዬ፣ እሱ ነው ማቆም ያለበት» አለችኝ ትከሻዬን ይዛ። «እሱ እንዲያቆም ነው የደከምነው።»

ሽፈራው ዓይኑን ገለጠ። «እዚያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ያንን ሸሚዝህ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ።»

«ሄዷል በይ።»

«እግርህን አንቀሳቅስልኝ።»

ወደ እግሩ አየ። አንሶላው ከታች በኩል ዝም ብሏል።  ከዚያ በአንሶላው ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። የእግሩ አውራ ጣት ነበር። እንደዚያ ቀን አንሶላ ሲንቀሳቀስ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖርን። እብጠቱ ቀስ በቀስ ሟሸሸ፤ ጠባሳው ብቻ ቀረ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላ ማጉያውን ተቀበለ። እኔ ግን ተለውጬ ቀረሁ። ሰው ከሩቅ ቃል ይዞልኝ ሲመጣ የነገሩን ፍሬ ንገረኝ አልልም፤ ቃሉን እንደ ሰማኸው ድገምልኝ እላለሁ። ተማሪዎቼ ሰልችተውኝ ነበር። እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ላይ እብጠት ባያችሁ ጊዜ፣ በተለይ ቀድሞ በተከፈተ ገላ ላይ፣ ምላጭም ብረትም ከማቅረባችሁ በፊት መዳፋችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ። መዳፋችሁን መልሶ የሚገፋ ከሆነ አትጫኑት፣ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሽፈራው የሞተው ባለፈው ክረምት በጉበት ሕመም ነው። ደረቱ እስከ መጨረሻው ደኅና ነበር፤ ሐኪሞቹ አይተው ነግረውኛል። ለቅሶ ቤት ግን «ውስጡ የቀረው ያ ብረት ነው የበላው» የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ሊገንዙት ከገቡት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ እኔ ወጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያ ውስጡ ያለው ነገር... ሳይወጣ ይቀበር? ከሥጋው ጋር ባዕድ ነገር አፈር ይግባ?»

«የእሱ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። «ከእሱ ጋር ይሂድ።»

የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጠባብ ነው። ቦታ ሲጠፋ የቆየ መቃብር ይከፈታል፣ ዐፅሙ ተሰብስቦ ወደ ጥግ ይደረጋል፣ አዲስ ሰው ይገባበታል። የሽፈራውም መቃብር አንድ ቀን ይከፈታል። ያኔ እኔም እትዬ በላይነሽም አንኖርም ይሆናል። ቆፋሪዎቹ በጎድን አጥንቶቹ መሐል እጅጌ የሚመስል፣ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ አፈር ያልበላው ነገር ያገኛሉ። መተት ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ አካፋቸውን ጥለው እንዳይሮጡ ነው ይህን ቀስ ብዬ የጻፍኩት። ልጆቼ፣ አትፍሩት። በእጃችሁ አንሡት፤ ከዐፅሙ ጋር መልሱልኝ።